አምስት ሰው፣ አንድ ሪሞት፦ ለበዓል ምን እንይ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የበዓል ዕረፍት በመጣ ቁጥር ቤታችን ውስጥ አንድ ጭቅጭቅ አይጠፋም፤ ምን እንይ የሚል። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። እንግሊዝኛ አትሰማም። ባለቤቴ ተኩስ ከሌለበት እንቅልፍ ይወስደዋል። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ እኛ የመረጥነው ሁሉ ይደብራታል። ትንሹ ልጄ ገና 7 ዓመቱ ነው። ለእኔ ደግሞ የገና የፍቅር ፊልሞች ሁሉ አንድ ፊልም ሆነውብኛል። ስንፈልግ ስንፈልግ አንድ ሰዓት ያልፍና በመጨረሻ ሁሉም ወደየስልኩ ይገባል። ኔትፍሊክስ አለን፤ ሌላም ብንጨምር አይከብደንም። እባክህ ቤት ቁጭ ብለን የምናያቸው አዳዲስ የበዓል ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ምረጥልን።»

ሪሞቱን ልደብቀው ነው

መልስ፦

እህቴ፣ ሪሞቱን አትደብቂው፣ ምንም አላጠፋም። ጊዜያችሁን የሚበላው አምስታችሁንም እኩል የሚያስደስት ፊልም ፍለጋ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ለሁለት ሳምንት ዕረፍት የሚበቃ አታገኚም። ስለዚህ «አዲስ ምን ወጣ?» ከማለትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። ሶፋው ላይ ያለው ማን ነው? ትንሹ ከመተኛቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እነዚህን ከመለስሽ ምርጫው ግማሽ በግማሽ ያልቃል።

ስለ አዲስነቱም ልበል። በየዓመቱ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ አዲስ የገና ፊልም ይጎርፋል። ከወር በኋላ የአብዛኛውን ስም እንኳ የሚያስታውስ የለም። ያላያችሁት ሁሉ ለእናንተ አዲስ ነው። ስለዚህ የ2025ቱንም የ2019ኙንም ቀላቅዬ ነው የምነግርሽ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከእናትሽ ልጀምር። ብዙ ቤት ውስጥ አያት ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ እንጂ ፊልሙን አያዩም። የሚስቁት ሌላው ሲስቅ ነው። የእናንተም ምሽት መጀመሪያ የሚበላሸው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ለእሳቸው የሚያስፈልገው በዓይን ብቻ የሚገባ ነገር ነው።

ከአዲሶቹ ውስጥ ለዚህ የተሠራ የሚመስለው «ማን ቨርሰስ ቤቢ» ነው። ኔትፍሊክስ ላይ በ2025 ታኅሣሥ ወጣ። የሚሠራበት ሮዋን አትኪንሰን ነው፣ ሚስተር ቢንን የሚጫወተው ሰውዬ። እዚህ ስሙ ትሬቨር ነው። ለገና የሀብታም ሰው አፓርታማ ሊጠብቅ ይቀጠራል፤ ሳያስበው አንድ ሕፃን እጁ ላይ ይወድቃል። አራት አጫጭር ክፍሎች ብቻ ናቸው። ወሬ አለው፣ ግን ወሬውን ባትሰሚም ምንም አይቀርብሽም። ቀልዱ ያለው ፊቱ ላይና እጁ ላይ ነው። የ7 ዓመቱ ልጅሽና እናትሽ እኩል የሚስቁበት ይኸው ነው። በ2022 የወጣ «ማን ቨርሰስ ቢ» የሚባል ቀዳሚ አለው። እሱ ላይ ከአንዲት ንብ ጋር ነው የሚታገለው። እንደ እኔ የሕፃኑ ይበልጣል፤ የንቡ ላይ ሰውዬው በጣም ስለሚጎዳ አንዳንዴ ሳቁ ይቆምብሻል።

ሁለተኛው «ክላውስ» ነው። የ2019 አኒሜሽን፣ ኔትፍሊክስ። አይታችሁት ከሆነ ዝለይው፤ ካላያችሁት ግን ሌላውን ሁሉ ትተሽ ከዚህ ጀምሪ። ጄስፐር የሚባል ተሞላቅቆ ያደገ ልጅ አለ። አባቱ የፖስታ ቤቱ ዋና አለቃ ነው፤ ልጁ ሥራ አልይዝ ሲለው በሰሜን ጫፍ ወዳለች ብርዳም ደሴት ይልከዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ 6,000 ደብዳቤ ካላስተላለፈ የአባቱን ሀብት አያይም። ችግሩ፣ የከተማዋ ሰው ሁለት ጎራ ሆኖ ከጥንት ጀምሮ ይጣላል። ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። አስተማሪዋ ራሷ ተማሪ ስላጣች ትምህርት ቤቱን ዓሣ መሸጫ አድርጋዋለች።

እዚህ ፊልም ውስጥ ማርጉ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች። የምትናገረው በሰሜን አውሮፓ የሚኖረው የሳሚ ሕዝብ ቋንቋ ነው። ጄስፐር አንድ ቃል አይገባውም። የፊልሙ ሠሪዎች ደግሞ የምትለውን አልተረጎሙትም። እንግሊዝኛ የሚችለውም የማይችለውም ተመልካች እዚያ ላይ እኩል ነው፤ ሁሉም ዓይኗንና እጇን ነው የሚያነበው። እናትሽ ያን ትዕይንት ሲያዩ ፊታቸውን ተመልከቺ። ዳይሬክተሩ ሰርጂዮ ፓብሎስ ስፔናዊ ነው። ሥዕሉ በእጅ የተሳለ ሆኖ ሳለ ብርሃንና ጥላው በጣም ስለተለፋበት ሦስት ገጽታ ያለው (3ዲ) ይመስላል። «ባፍታ» የሚባለውን የብሪታንያ የፊልም ሽልማት አግኝቷል፤ ለኦስካርም ታጭቶ ነበር። ሽልማቱ ግን ይቅርብሽ፣ ባልሽም ሳይተኛ ይጨርሰዋል።

ለሌሎቹ ፊልሞች አንድ መላ አለ። ለልጅሽ የአያቷን አስተርጓሚነት ስጫት። 15 ዓመት የሞላት ልጅ «ነይ አብረሽን እዪ» ስትባል ፊቷን ታጠቁራለች። «ለአያትሽ ምን እንዳለ ንገሪያቸው» ስትባል ግን ሥራ ያዘች ማለት ነው። ስልክ እየጎረጎሩ ማስተርጎም አይቻልም። ቃል በቃል አይሁን፤ በየትዕይንቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ለትንሹ ብቻ ከሆነ ብዙ አለ። «ዛት ክሪስማስ» በ2024 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣ አኒሜሽን ነው። ታሪኩን የጻፈው ሪቻርድ ከርቲስ ነው፤ መነሻው የራሱ የልጆች መጻሕፍት ናቸው። በባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ በገና ዋዜማ በበረዶ ማዕበል ትያዛለች። ብዙ ታሪክ ነው የተሸከመው፤ አንዳንዴ ይበታተናል። ግን ዳኒ የሚባለው ልጅ አለ፣ ለከተማው አዲስ የሆነ። እሱና ሁሉም የሚፈራት አስተማሪው የሚገናኙበት ክፍል ለብቻው ፊልም ይወጣው ነበር። ዘፈንና ዳንስ ከወደደ «ጂንግል ጃንግል» አለልሽ፣ የ2020። ፎረስት ዊተከር አሻንጉሊት ሠሪ ሆኖ ይጫወታል። ልብሱና ቀለሙ ዓይን ይሞላል። ርዝመቱ ግን ሁለት ሰዓት ነው፤ ለሁለት ቀን ብትከፍሉት አይከፋም።

«አርተር ክሪስማስ» ደግሞ የ2011 ቢሆንም ስንት ሰው ሳያየው አልፏል። የገና አባት በአንድ ሌሊት ለዓለም ሁሉ ስጦታ የሚያድለው እንዴት ነው ለሚለው የልጆች ጥያቄ፣ እንደ ወታደራዊ ዘመቻ የታቀደ መልስ ይሰጣል። ከዚያ አንዲት ልጅ ትረሳለች። በቃ፣ የቀረውን እዩት።

አሁን ባልሽ። «ኬሪ-ኦን» አሳዪው። የ2024 ነው፣ ኔትፍሊክስ። በገና ዋዜማ፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ የሚፈትሽ ወጣት ጆሮው ላይ ማዳመጫ እንዲያደርግ ይገደዳል። በሌላ በኩል የማያውቀው ሰው ድምፅ ይመጣል፤ አንዲት ሻንጣ ሳትፈተሽ እንድታልፍ ያዘዋል። እምቢ ካለ የሚወዳት ትገደላለች። ታሮን ኤገርተንና ጄሰን ቤትማን ናቸው። ቤትማንን በቀልድ ለሚያውቁት እዚህ ቀዝቃዛ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሲመጣ ደስ ይላል። ተኩስ አለው፣ ግን ልብ የሚያንጠለጥለው ወሬው ነው። ትንሹ ከተኛ በኋላ ይሁን።

«ሬድ ዋን»ንም ሳትሰሚ አትቀሪም። ድዌይን ጆንሰንና ክሪስ ኢቫንስ፣ አማዞን ፕራይም ላይ፣ የ2024። የገና አባት ይታፈናል፤ እነሱ ሊያስለቅቁት ይሄዳሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገንዘብ የፈሰሰበትን ያህል አይደለም። መሐሉ ላይ ተነስተሽ ሄደሽ ብትመለሺ ምንም አያመልጥሽም። ልብስ እየተጣጠፈ ለሚታይ ፊልም ግን አሪፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ የገና አባቱን የሚጫወተው ጄ. ኬ. ሲመንስ፣ «ክላውስ» ላይ ድምፁን የሰጠውም እሱ ነው። ሁለቱን በተከታታይ ካያችሁ ልጆቹ ድምፁን ይለዩት እንደሆነ ፈትኗቸው።

ባልሽንና ልጅሽን አንድ ሶፋ ላይ የማስቀመጥ ተስፋ ካለሽ «ሃውክአይ» ነው። ዲዝኒ ፕላስ፣ 2021፣ ስድስት ክፍል። ቀስተኛው ክሊንት ለልጆቹ «ለገና ቤት እደርሳለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል። ኬት የምትባል ወጣት ጣጣ ውስጥ ታስገባውና ኒው ዮርክ ይቀራል። ድብድብ ለአባት፣ ነገረኛ ወጣት ለልጅት። ሦስተኛው ክፍል ላይ የክሊንት የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ይሰበራል። በዚያ ሰዓት ትንሹ ልጁ ይደውላል። አባት አይሰማም። ኬት አጠገቡ ተቀምጣ ልጁ የሚለውን እየሰማች ወረቀት ላይ ትጽፍለታለች፤ እሱ እያነበበ ይመልሳል። ልጁ ምንም አላወቀም። ስለ ልዕለ ጀግኖች ፊልም ግድ ባይኖርሽም ያችን ትዕይንት ብቻ ነይ ቁጭ በይና እዪ ቢሉሽ እንቢ አትበዪ። የቀደሙትን የማርቭል ፊልሞች ያላየ ሰው ጥቂት ነገር ያልፈዋል እንጂ አይጠፋም።

ልጅሽ ብቻዋን፣ በክፍሏ፣ በራሷ ሰዓት የምታየው ደግሞ «ዳሽ ኤንድ ሊሊ» ይሁን። ኔትፍሊክስ፣ 2020። ስምንት ክፍል ነው፤ አንዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አንዲት ልጅ ቀይ ደብተር መጻሕፍት መደብር ውስጥ ትተዋለች። አንድ ገናን የሚጠላ ልጅ ያገኘዋል። ሳይተያዩ በደብተሩ እየተጻጻፉ ከተማዋን ይዞሯታል። ሁለተኛ ሲዝን አልተሠራለትም፣ ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት ጠብቂ የሚል ጣጣ የለውም። ለእሷ እኔ እንደመረጥኩት አትንገሪያት። ከትልቅ ሰው የመጣ ምርጫ መሆኑን ካወቀች አለቀ።

ወደ አንቺ ልምጣ። የፍቅሮቹ ፊልሞች አንድ ፊልም ሆኑብኝ ያልሽው ትክክል ነው፤ ዓይንሽ አላታለለሽም። ሆልማርክ የሚባለው የአሜሪካ ቻናል ብቻ በየዓመቱ በደርዘን የሚቆጠሩ ይሠራል። በጥቂት ሳምንት ነው የሚቀረጹት፤ ብዙዎቹም በበጋ። ተዋናዮቹ በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰው፣ ሰው ሠራሽ በረዶ ላይ ነው የሚሳሳሙት። ታሪኩም ይታወቃል፦ ከትልቅ ከተማ የመጣች ሥራ ወዳድ ሴት፣ ትንሽ ከተማ፣ የልጅነት ወዳጅ፣ ሊዘጋ የደረሰ ሱቅ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም እንዲህ የሚያደርጉት። ብዙ ተመልካች የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ሥራ እየሠራ፣ መጨረሻው ደግ መሆኑን እያወቀ የሚያየው። አንቺ ግን እንዲያ አይነት ተመልካች አይደለሽም።

ከዚያ ዘር አንድ ብቻ ልተውልሽ። «ሆት ፍሮስቲ»፣ ኔትፍሊክስ፣ 2024። ባሏ የሞተባት ሴት ከበረዶ በተሠራ ምስል ላይ ሻርፕ ታደርጋለች፤ ምስሉ መልከ መልካም ወንድ ሆኖ ይነሳል። አዎ፣ ይኸው ነው ታሪኩ። የወደድኩለት፣ ራሱ ምን ያህል ቂል እንደሆነ ያውቃል። ዋናዋ ተዋናይ ሌሲ ሻበር የእነዚህ ፊልሞች ንግሥት ናት፤ እዚህ ላይ በራሷም ጭምር የምትስቅ ይመስላል።

ከዚህ ውጭ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ያንቺ ሰዓት አለ። ለዚያ «ሆም ፎር ክሪስማስ»ን እመክርሻለሁ። የኖርዌይ ድራማ ነው፣ ኔትፍሊክስ ላይ በ2019 ጀመረ። ዮሐና 30 ዓመት የሞላት ነርስ ናት። ቤተሰቧ «መቼ ነው የምታገቢው?» እያለ ሲነዘንዛት፣ ጓደኛ አለኝ ብላ ትዋሻለች። ለገና ይዛው ልትመጣ 24 ቀን ቀራት። የመጀመሪያው ሲዝን ስድስት አጭር ክፍል ነው። በቤተሰብ ግብዣ ላይ ያ ጥያቄ ተጠይቃ የማታውቅ ሴት ካለች አላውቃትም። የአልጋ ትዕይንት ስላለው ከልጆቹ ጋር አትክፈቺው። ድምፁን ወደ እንግሊዝኛ አትቀይሪ፤ ኖርዌይኛውን ተይውና ሰብታይትል አንብቢ። ዋናዋ ተዋናይ ኢዳ ኤሊሰ ብሮክ ግማሹን የምትጫወተው በድምፅዋ ነው።

አንድ ምሽት ደግሞ ለፊልም ብቻ ስጪ። «ዘ ሆልድኦቨርስ»፣ የ2023። በ1970 ገና ነው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ። ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ መሄጃ ያጣ አንድ ልጅ፣ ማንም የማይወደው የታሪክ አስተማሪ፣ እና ልጇን በቬትናም ጦርነት ያጣች የወጥ ቤት ኃላፊ ግቢው ውስጥ ይቀራሉ። ፊልሙ ራሱ በዚያ ዘመን የተቀረጸ እንዲመስል ተደርጓል። አስተማሪው ለገና ስጦታ ይሰጣቸዋል። ልጁ ሲከፍተው የጥንቱ የሮም ንጉሥና ፈላስፋ የማርከስ ኦሬሊየስ መጽሐፍ። ሴትየዋ ስትከፍተው ያው መጽሐፍ። ሰውዬው ግን በኩራት ነው የሚያያቸው። ሳቅሽ ሳያልቅ እንባሽ ይመጣል። ሴትየዋን የተጫወተችው ዳቫይን ጆይ ራንዶልፍ በዚህ ሥራዋ ኦስካር ወስዳለች። ስድብ ስላለበት ለትንሹ አይሆንም። ኔትፍሊክስ ላይ ካጣሽው፣ በኪራይ ከሚሰጡት ቦታዎች ፈልጊ፤ ለአንድ ሌሊት ብትከፍዪበት አይቆጭሽም።

ከባልሽ ጋር ለሁለት ከሆነ «ብላክ ዶቭስ» አለ። ኪራ ናይትሊ የሚኒስትር ሚስት ሆና ለአሥር ዓመት የባሏን ምስጢር ስትሸጥ የኖረች ሰላይ ናት። ለንደን በገና መብራት ደምቃለች፣ ደም ደግሞ ይፈሳል። ስድስት ክፍል ነው፣ የ2024፣ ኔትፍሊክስ። ተኩስ ለእሱ፣ ቤን ዊሾ ለአንቺ። ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እንደዚህ የሚያሳዝን ሰው አላየሁም።

በዚህ ሳምንት አትክፈቱት የምለውም አለ። «ዘ ቤር» የሚባለው ድራማ ሁለተኛ ሲዝን፣ ስድስተኛ ክፍል። አንድ ቤተሰብ ለገና ማዕድ የሚሰበሰብበት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሰው በሰው ላይ ይጮኻል፣ የምድጃ ሰዓት ይጮኻል፣ እናትየው ወጥ ቤት ውስጥ እየፈረሰች ነው። ጄሚ ሊ ከርቲስና ጆን በርንታል በዚያ አንድ ክፍል ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ወስደዋል። ሥራው ድንቅ ነው። ግን ዘመድ በተሰበሰበበት ቤት ውስጥ ይህን መክፈት ነገር መጫር ነው። ዕረፍቱ ሲያልቅ ብቻሽን እዪው።

አሁን ጥቂት የሪሞት ነገር። ኔትፍሊክስ ራሱ ያሠራቸው ፊልሞች በየአገሩ አይጠፉም፤ ከሌላ የተከራያቸው ግን ከአገር አገር ይለያያሉ። አንድን ፊልም ለመፈለግ መተግበሪያውን ሁሉ ከመክፈት፣ ጀስትዎች የሚባለው ድረ ገጽ አገርሽን መርጠሽ ስሙን ስትጽፊ የት እንዳለ ይነግርሻል። ዲዝኒ ፕላስን ለ«ሃውክአይ» ብትገዢ የአንድ ወር ብቻ ግዢ፤ እዚያው በገዛሽበት ዕለት የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ብትሰርዢ ወሩ እስኪያልቅ ይሠራል። እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላው፣ ይረሳዋል።

ኢንተርኔታችሁ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ቀን ላይ ዳውንሎድ አድርጊ። በጥሩ ጥራት ኔትፍሊክስ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። ዳውንሎድ ያደረግሽውም ቀን አለው፤ አንዳንዱ ማየት በጀመርሽ በ48 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል።

ሰዎቹ የሚያወሩት ሳይሰማ ሙዚቃው ጆሮ የሚቀድ ከሆነ፣ በድምፅ ምርጫው ላይ 5.1 የሚለውን ወደ ተራው ቀይሪ። ተጨማሪ ስፒከር የሌለው ቴሌቪዥን ያንን አይችለውም፤ ንግግሩን ያፍነዋል። ፊልሙ ደግሞ ርካሽ የስቱዲዮ ድራማ መስሎ ከታየሽ ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም። የቴሌቪዥኑ እንቅስቃሴ ማለስለሻ በርቶ ነው። ሳምሰንግ ኦቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ሞሽንፍሎው ይሉታል። አጥፊው፤ በተለይ «ዘ ሆልድኦቨርስ»ን ከማየትሽ በፊት።

ሌላው ደግሞ፣ ፊልም ስትመርጡ ትሬይለሩ በራሱ እየተነሳ የሚጮኸው ነገር። ከኔትፍሊክስ ፕሮፋይልሽ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ ማጥፋት ትችያለሽ። ግማሹ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከእሱ ነው፤ በሠላሳ ሰከንድ ትሬይለር አንዱ ይወዳል፣ አንዱ ይጠላል። ምርጫውን ቀን ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ እያለ ጨርሱት። ሁለት ፊልም ብቻ ይቅረብ። እምቢ ያለ ሰው ምትክ ያምጣ። ምትክ ከሌለው እምቢታው አይቆጠርም፤ ባልሽም ቢሆን።

የመጀመሪያው ምሽት «ማን ቨርሰስ ቤቢ» ይሁን፤ ሁለት ክፍል ብቻ፣ ትንሹ እስኪተኛ። በማግስቱ ቀሪዎቹን ሁለት። ሦስተኛው ቀን «ክላውስ»። ባልሽ ሦስት ቀን ያለ ተኩስ ከቻለ በአራተኛው «ኬሪ-ኦን» ይገባዋል። ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ዘግይታችሁ አትጀምሩ፤ መሐል ላይ ተኝቶ ነገ እንደገና ከመጀመሪያው እንይ እንዳይልሽ።